እፍኝ ስንት ግራም ነው? የግፊት ቅጠል እንዴት ይፈተናል

ዲላ ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ በረካው ሳይደርስ «ግፊት» የሚለው ቃል መነሳቱ አይቀርም። አንዷ «ትናንት ተለክቼ መቶ ስድሳ ሆነ» ትላለች። ሌላዋ የግፊት ኪኒኑ ቁርጭምጭሚቷን እያሳበጠ እንዳስቸገራት ታማርራለች። ሦስተኛዋ ስኒዋን አስቀምጣ መፍትሔውን ታመጣለች፦ «እሱን ተይውና የዶቅማ ቅጠል አንድ እፍኝ ቀቅለሽ ጠዋት ጠዋት ጠጪ። እህቴ በሳምንቷ ወረደላት።»

ወሬው ቀላል አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ በተደረገው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ከስድስት ቡና ጠጪ አንዱ ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ሴት አልዋሸችም እንበል። የእህቷ ግፊት እውነትም ወርዷል። ሆኖም በዚያች አጭር ምክር ውስጥ አምስት ጥያቄዎች ተደብቀዋል። የትኛው ዛፍ? እንዴት የተቀቀለ? የወረደው በቅጠሉ ነው ወይስ ያለ ቅጠሉም ሊወርድ ነበር? ጉበትና ኩላሊትስ ምን ሆኑ? አንድ እፍኝ ሲባልስ ስንት ነው? ላብራቶሪ የሚባለው ቦታ ሥራው እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መፍታት ነው።

ቀማሹ የሚያውቀው ዘዴ

የዲላ ሰው ዘዴውን ከሩቅ መማር አያስፈልገውም። የይርጋጨፌ፣ የወናጎና የኮቸሬ ቡና ናሙናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የሚቀመስበትና ደረጃ የሚወጣለት ማዕከል በከተማዋ አለ። የቡና ቅምሻ የራሱ ሕግ አለው። በተለመደው ዓለም አቀፍ ልክ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል። ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይቀዳል፤ አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱን ስኒ ብታበላሽ አራቱ ይመሰክራሉና። ናሙናው የሚቀርበውም በባለቤቱ ስም ሳይሆን በኮድ ነው። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ካወቀ ምላሱ ያዳላል።

መዝን፣ ደጋግም፣ ስሙን ደብቅ። የመድኃኒት ዕፅ ፍተሻም ከእነዚህ ሦስት ሕጎች አይወጣም። የሚለየው በስኒው ፋንታ የደም ሥር፣ በቀማሹም ፋንታ መለኪያ መግባቱ ነው።

የትኛው ዛፍ?

የጌዴኦ ማሳ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አይሰጥም። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ዋንዛው፣ ብርብራውና ብሳናው በአንድ ጓሮ ተደራርበው ይበቅላሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ለምግብና ለጥላ የተተከለው ዛፍ ለሆድ ቁርጠትና ለቁስልም ይፈለጋል። ፍስሐ መስፍን፣ ሰብስቤ ደምሰውና ጥላሁን ተክለሃይማኖት በወናጎ ወረዳ ሰዎች ለመድኃኒት የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት መዝግበው በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ማን፣ የትኛውን ቅጠል፣ ለምን ሕመም፣ እንዴት አድርጎ ይጠቀማል የሚለውን ይይዛል።

ስም ግን ያሳስታል። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ዛፍም በጌዴኦኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ የተለያየ ስም አለው። ስለዚህ ተመራማሪው ቅርንጫፉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቆርጦ፣ በወረቀት መካከል ተጭኖ አድርቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ ለዕፅዋት ባለሙያ ያቀርባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር እንዲህ ያሉ የደረቁ ቅርንጫፎች ተሰድረው የሚኖሩበት ቦታ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ «ያኔ የፈተናችሁት ዶቅማ ይህኛው ነው ወይ?» የሚል ቢመጣ ወረቀቱ ተገልጦ ይታያል።

ከቅጠል ወደ ዝልግልግ

ቅጠሉ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ቡና በአልጋ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ የመድኃኒት ቅጠል ግን በቀጥታ ፀሐይ ቢሰጣ በውስጡ ያሉት አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ሊበላሹ ይችላሉ። ከዚያ ይፈጫል፣ ይመዘናል፣ በፈሳሽ ይዘፈዘፋል። በብዙ ላብራቶሪ የተለመደው ፈሳሽ 80 በመቶው ሜታኖል የተባለ አልኮል፣ ቀሪው ውሃ የሆነ ድብልቅ ነው። ለ72 ሰዓት እየተናጠ ይቆይና ይጣራል። ቀጥሎ በ40 ዲግሪ ገደማ፣ አየሩ እየተመጠጠ በሚሽከረከር ብልቃጥ ውስጥ አልኮሉ ተንኖ እንዲወጣ ይደረጋል። ሜታኖል ራሱ መርዝ ስለሆነ መቅረት የለበትም። በመጨረሻ ታች የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ኤክስትራክት ይባላል።

እዚህ ላይ የቡናው ወግ የሚስተው አንድ ነገር አለ። አልኮል የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣም፤ ውሃ የሚያወጣውንም አልኮል ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ «ላብራቶሪ ዶቅማ ግፊት እንደሚቀንስ አረጋገጠ» ሲባል የተፈተነው ምናልባት በአልኮል የወጣው ነው። በድስት የተቀቀለው ሌላ መጠጥ ነው፤ እሱም ለብቻው መፈተን አለበት።

ግፊት የሚወርደው በስንት በኩል ነው?

በሐምሌ ዝናብ ሳይሆን በኅዳር፣ እሸት ቡና ወደሚፈለፈልበት ጣቢያ ይሂዱ። ፓምፑ ውሃውን በጎማ ይገፋል። የጎማውን ግፊት ለመቀነስ ሦስት መንገድ አለ፤ ፓምፑን ማዝገም፣ ጎማውን ማስፋት፣ ወይም ውሃውን ማሳነስ። በሰውነታችንም ልብ ፓምፑ፣ የደም ሥር ጎማው ነው፤ ጨውና ውሃ ደግሞ የፈሳሹን ብዛት ይወስናሉ። ፋርማሲ የሚሸጡት ኪኒኖች በእነዚሁ በሮች ይገባሉ። አምሎዲፒን የደም ሥርን ግድግዳ ያላላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል። ኢናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ የሰውነት መልእክት እንዳይፈጠር ያደርጋል። አንድ ቅጠል ግፊት ይቀንሳል ከተባለ ተመራማሪው ወዲያው የሚጠይቀው «በየትኛው በር?» ብሎ ነው።

ዶቅማ እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍሬውን ልጆች የሚለቅሙት ይህ ዛፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ፊቶቴራፒ ሪሰርች በተባለ መጽሔት በታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት ተፈትኗል። ከአጥኚዎቹ መካከል ቀልቤሳ ኡርጋና ኤፍሬም እንግዳወርቅ ነበሩበት። ጤነኛ አይጥ ለዚህ ፈተና ብዙም አይጠቅምም፤ ያልወጣ ግፊት ምኑ ይወርዳል? ስለዚህ መጀመሪያ ግፊቱ እንዲወጣ ይደረጋል። በማደንዘዣ አንዱ ኩላሊት ይወጣል፤ ወደ ሌላው ኩላሊት ደም የሚያስገባው ቧንቧ በትንሽ መቆንጠጫ እንዲጠብ ይደረጋል። ሃሪ ጎልድብላት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. በውሾች ላይ ያሳየው ዘዴ ነው። የጠበበበት ኩላሊት ደም ያነሰ ይመስለውና ግፊቱ እንዲጨምር ምልክት ይልካል፤ ጨውና ውሃም ይይዛል። በዚህ መንገድ የአይጡ ግፊት ከፍ ብሎ ይቆያል።

አይጦቹ በቡድን ተከፍለው ኤክስትራክቱን በአፍ ወሰዱ፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 50፣ 100 ወይም 150 ሚሊ ግራም። ግፊታቸው እንደየመጠኑ በ7፣ በ10 እና በ12 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወረደ። ከቁጥሮቹ መጠን ይልቅ ቅደም ተከተላቸውን ያስተውሉ። ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ስንጨምር ጣፍጦ፣ ሁለት ስንጨምር ይበልጥ ከጣፈጠ ያጣፈጠው ስኳሩ መሆኑን እንጠራጠራለን? መጠኑ ሲጨምር ውጤቱም አብሮ ከጨመረ ነገሩ አጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ይጠብባል።

ቀጥሎ በሩን መፈለግ ነው። ከእንስሳ የተወሰደ የዋናው ደም ቧንቧ ቁራጭ፣ 37 ዲግሪ በሆነና ኦክስጅን በሚነፋበት ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ፣ ጉተታን በሚለካ መሣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። ፖታሲየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ይኮማተራል፤ ካልሲየም ወደ ጡንቻው የሚገባበት በር ይከፈታልና። ከዚያ ኤክስትራክቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የተኮማተረው ቧንቧ መላላት ከጀመረ ቅጠሉ የካልሲየሙን በር ሳይዘጋ አልቀረም የሚል ፍንጭ ይገኛል። በዶቅማ ጥናት ቧንቧው ላልቷል።

አሁን ቁርጭምጭሚቷ ወዳበጠው ሴት እንመለስ። አምሎዲፒን የሚዘጋውም ይህንኑ የካልሲየም በር ነው፤ እብጠቱም ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ቅጠሉን ከኪኒኑ ጋር ደርባ ብትጠጣ አንዱን በር ከሁለት ወገን እየገፋች ሊሆን ይችላል፤ ያውም አንደኛው ተመዝኖ ሌላው ሳይመዘን።

ቅጠሉን ያልወሰደው አይጥ ለምን አስፈለገ?

ግፊት በቀን ውስጥ እንኳ ይወጣል ይወርዳል። ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ዳገት፣ ቡና ሁሉም ያነሳዋል። ሰው ደግሞ መድኃኒት የሚፈልገው ቁጥሩ እጅግ በወጣበት ቀን ነው። እጅግ የወጣ ነገር በሚቀጥለው ጊዜ ሲለካ ወደ ተለመደው ደረጃው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ውሃ ብቻ ቢጠጣም። በዚያ ሳምንት ቅጠል ከተጠጣ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሰጣል። የእህትየዋ ግፊት «በሳምንቷ መውረዱ» የቅጠሉን ሥራ በራሱ ከሚመጣ መውረድ አይለይም።

ለዚህ ነው በፈተናው ውስጥ አንድ ቡድን ኤክስትራክቱ የሌለበትን ፈሳሽ ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ውጤቱ የታወቀ መድኃኒት የሚሰጠው። ቅጠሉ የመጀመሪያውን መብለጥ፣ ከሁለተኛው ጋር መወዳደር አለበት። በሰው ላይ ሲሞከርም ማን ቅጠሉን፣ ማን ማስመሰያውን እንደወሰደ በሽተኛውም ለኪውም እንዳያውቁ ይደረጋል። የቀማሹ ኮድ እዚህም ሠራ ማለት ነው።

አልገደለም ማለት አልጎዳም ማለት አይደለም

የደህንነት ፈተና የሚጀምረው ከትልቁ ጥያቄ ነው፤ በአንዴ ብዙ ቢወሰድ ይገድላል? በተለመደው ዓለም አቀፍ ደንብ ከምግብ ተከልክላ ያደረች አንዲት አይጥ በኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በዓይን ትጠበቃለች፤ ትንቀጠቀጣለች ወይ? ፀጉሯ ይቆማል ወይ? ትተኛለች ወይ? በሕይወት ካደረች ሌሎች አራት ይጨመራሉ፤ ሁሉም ለ14 ቀን ይታያሉ። አልሞቱም ከተባለ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ «ገዳይ መጠኑ ከ2,000 በላይ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን «ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ ያነበዋል፤ ስህተቱ እዚህ ነው።

የግፊት መድኃኒት በአንዴ ተውጦ አያበቃም፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ለ28 ቀን፣ ከዚያም ለ90 ቀን በየቀኑ እየተሰጠ ይታያል። ደም ተቀድቶ የጉበት ኢንዛይሞችና የኩላሊት ማጣሪያ ልክ ይመረመራሉ። በመጨረሻ ጉበቱና ኩላሊቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዓይን ያላየውን ጉዳት ሴሉ ይናገራል።

ቀስ ብሎ የሚጎዳ ዕፅ ምን እንደሚመስል አገራችን በመራራ መንገድ አይታለች። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጸዓዳ እምባ በምትባል መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየደከመ ይሞቱ ጀመር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አልነበረም። ምርመራው ያመለከተው በማሳ መካከል የሚበቅለውን ኤጄራተም የተባለ አረም ነው። ዘሩ ከእህሉ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተፈጭቶ፣ በየቀኑ በጥቂቱ ይበላ ነበር። በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ በአንድ ቀን አይገድልም፤ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች በጊዜ ብዛት ይዘጋል። ይህን አረም ለ14 ቀን ብቻ የሚያይ ፈተና በቀላሉ ሊያሳልፈው ይችላል።

የምናውቀው የጓሮ ቅጠልም ቢሆን መልኩ በመጠን ይለወጣል። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ዘለላ ጣል ሲደረግ መዓዛ ነው። በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ ግን ማኅፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፈሶ ፀሐይ ሲያገኘውም ሊያቃጥል ይችላል። ቅጠሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው

የአይጥን መጠን በሰው ክብደት ማባዛት ትልቅ ስህተት ነው። ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከሰው ይልቅ ቶሎ ስለሚያስወግድ፣ የላብራቶሪ አይጥ የወሰደውን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር በተለመደው ስሌት ለ6.2 ይካፈላል። 150 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ለሰው 24 ገደማ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ግራም ተኩል የሚጠጋ ኤክስትራክት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ይወጣል ብንል፣ በቀን 15 ግራም ያህል ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። ይህ ግን ማዘዣ አይደለም፤ የወረቀት ስሌት ነው። በሰው ላይ ሙከራ የሚጀምሩ ሐኪሞች ለአይጥ ጉዳት ካላመጣው መጠን ተነስተው፣ ለሰው ከቀየሩት በኋላ እንደገና ለ10 ያካፍሉታል። ቀጥሎ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ከዚያ ጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች፣ ከዚያ ብዙ ሕሙማን ይከተላሉ።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም የተሄደበት ነው። በህንድ ለዘመናት ሥሩ በባህል ሐኪሞች ይሰጥ የነበረውን ሰርፓጋንዳ የተባለ ዕፅ የቦምቤው ሐኪም ረስተም ቫኪል በሕሙማን ላይ ተከታትሎ በ1949 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የልብ መጽሔት ጻፈበት። በ1952 እ.ኤ.አ. ከሥሩ ውስጥ ረዘርፒን ተነጥሎ ወጣ። ያ ሁሉ ሥር ተነጥሮ ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ሩብ ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ሆነ። ግፊት በእርግጥ ወረደ። ቆይቶ ግን አንዳንድ ሕሙማን በተለይ ብዙ ሲወስዱ ድብርት እንደያዛቸው ታየ፤ መጠኑም ተቀነሰ። መጠኑ ባይታወቅ ኖሮ ምኑ ይቀነስ ነበር?

ፈተናው እስኪያልቅ በቡናው ዙሪያ

ግፊት በቡና መካከል ተነስቶ አይለካም። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ፣ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ መቀመጥ፣ ክንድንም በልብ ትክክል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ይጻፋል። ኪኒኑ እግር ካሳበጠ ለሐኪሙ መንገር ነው፤ በሌላ በር የሚገባ ሌላ ኪኒን አለ። ቅጠል የሚጠጣ ሰውም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። ለነፍሰ ጡርና ኩላሊት ለታመመ ደግሞ ያልተፈተነ ቅጠል ባይቀርብ ይሻላል።

የባህል ሐኪሙን መናቅ ግን አይገባም። እሱ ሚዛን ባይኖረውም የራሱ ልክ አለው። ያው ዛፍ፣ ያው ወቅት፣ ያው እጅ ነው፤ በሽተኛውንም ዳግም ያየዋል። ምክሩ ከእሱ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲሻገር ግን ዛፉም ድስቱም እጁም ይለወጣል፤ ሳይለወጥ የሚሻገረው «አንድ እፍኝ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቡና ይሞክሩት። ከጓሮ ጎመን ይቀንጠስና የሱቅ ሚዛን ይምጣ። በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ፣ አያትም ልጅም፣ አንድ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሚዛኑ ላይ ያድርግ፤ ቁጥሩም በተራ ይጻፍ። ከዚያ ሦስተኛዋን ሴት በፍቅር ይጠይቋት፦ «እህትሽ የጠጣችው በማን እጅ ነው?»